የአሻንጉሊቷ ፊልም ሽማግሌዎች

«አሻንጉሊቷ መጣች» የሚለው ፊልም ሰቆጣ አዳራሽ የታየ ዕለት ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዲህ አስፈሪ ፊልም ነው ተብሎ፣ ልብ ድካም ያለበት እንዳይገባ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር። አሻንጉሊቷ ሰው ልታንቅ ስትነሳ አንገቷ ተነቅሎ ተንከባለለ፤ ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ «እኔን ልጄ!» ብለው አዘኑላት። እኔ ከሳቅ ብዛት እንባዬ ፈሰሰ። መብራት ሲበራ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሞ አየሁ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ፊልሙን የሠራው እሱ ነው፣ ደረሰ ይባላል አሉኝ። አንጀቴን በላው።

ከሦስት ወር በኋላ ያ ልጅ እኔ የምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መጣና በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ይሄን ትተይቢልኛለሽ?»

ከላይ «አሻንጉሊቷ ተመለሰች፣ ክፍል ሁለት» ይላል።

«ደግሞ ተመለሰች?» አልኩት።

«አንገቷን አጥብቄዋለሁ» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተየብኩለት። በማግስቱ ሁለተኛውን ገጽ ይዞ መጣ፤ በማግስቱም ሦስተኛውን። በአሥረኛው ቀን «ለምን ሁሉንም አንዴ አታመጣውም?» ብዬ ጠየቅሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ቦርሳው በግማሽ ተከፍቶ ስለነበር ሙሉው ድርሰት፣ ስድሳውም ገጽ፣ ተጠርዞ ውስጡ ተቀምጦ ታየኝ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ለማበጠር ረጅም ጊዜ እወስድ ጀመር፤ ምን እዋሻለሁ።

ደረሰ የሰሃላ ገበሬ ልጅ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሠርግ ይቀርጻል፤ ፊልም የሚሠራበትም ካሜራ የፎቶ ቤቱ ነው። አማርኛው ላይ ኽምጣናው፣ የአገሩ አገውኛ፣ ጣል ጣል ይልበታል፤ ሲደነግጥማ አማርኛው ጭራሽ ይጠፋና በኽምጣና ይቀጥላል። እኔ ፊት ቶሎ ቶሎ ይጠፋው ነበር።

ስድሳው ገጽ ሲያልቅ «መሪ ተዋናይዋ አንቺ ብትሆኚስ?» አለኝ። በክፍል አንድ የሠራችው ልጅ ገበያ በወጣች ቁጥር ሰው እየሳቀባት ዳግመኛ አልሠራም ብላለች። እሺ አልኩት። ቤትም ያስፈልገኛል አለ፤ ጋኔን ያለበት የሚመስል። ያማ ነበረን! ከአያቴ የቀረው የድንጋይና የጭቃ ፎቅ ቤት ሰው ካልኖረበት ስንት ዓመቱ። ላይ ቤት አይጥ በሮጠ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ያማትባል።

ግን ባለቤቱ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ደግሞ ቀላል ሰው አይደሉም።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?» አሉት ደረሰን።

«አስተማሪ ነው፣ መሪጌታ።»

«ምን ያስተምራል?»

«አሻንጉሊት ከማይታወቅ ሰው እንዳይገዛ።»

አባቴ ጢማቸውን ዳበሱ። «ቤቱን እሰጥሃለሁ። ግን እኔም እዚያው እቀመጣለሁ። ጋኔኗን የምትጠሯት እናንተ፣ የመጣች እንደሆነ የምመልሳት እኔ ነኝ።»

እናቴ ወለተ ገብርኤል ደግሞ አሻንጉሊቷን ስታያት «ራቁቷን ናት እኮ፤ ብርድ ይመታታል» ብላ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ያለው ቀሚስ ሰፋችላት። ደረሰ እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። የሰው ደም የምትጠጣዋ እርጉም አሻንጉሊታችን ለጥምቀት የለበሰች ሕፃን መስላ ቁጭ አለች።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። እኔን ግን የማያስቅ ነገር ይዞኝ ነበር። በሰኔ ከወልድያ ሽማግሌዎች መጥተው ለአንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ጠይቀውኝ ነበር። ሰውየውን ዘመድ ሠርግ ላይ አንዴ አይቼዋለሁ፤ ክፉ አይደለም፣ ስልኩን እንጂ ሰው አያይም። አባቴ «ፍልሰታ ሲፈታ መልስ እሰጣለሁ» ብለው ሸኟቸው። ወዲያው ለደረሰ ነገርኩት።

«እና?» አለኝ።

«እናማ ሽማግሌ ላክ! ምን እና እና ትላለህ?»

«ማንን ልላክ፣ ሰገነት? አባቴ ያለው ሰሃላ ነው፣ መኪና በማይደርስበት። እዚህ አገር አንድ ዘመድ የለኝም። ያለችኝ የቅጥር ሥራ ናት። መሪጌታ ደግሞ እኔን ሲያዩ ሰይጣን ጎታች ያዩ ይመስላቸዋል።»

«በአሻንጉሊት ሰው ስታስገድል ትውላለህ፤ አንድ ሽማግሌ መላክ ፈራህ?»

ተናድጄ ጥዬው ሄድኩና ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ቀረጻው በሐምሌ መጨረሻ ተጀመረ። የፊልሙን ሌሊት በጠራራ ቀን ሠራነው፤ መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅለን። መብራታችን በሩ ላይ የቆመው የፋንታሁን ባጃጅ የፊት መብራት ነው። ፋንታሁን ባጃጅ ይነዳል፤ በፊልሙ ደግሞ ሳሙኤል የሚባል እጮኛዬ ነው። እጮኛዬ ባልሆነ ሰዓት፣ ላይ ቤት በደረቱ ተኝቶ የአሻንጉሊቷን ናይለን ክር ይጎትታል።

«ሰገነት፣ አሻንጉሊቷን በፍርሃት እያት» ይለኛል ደረሰ ከካሜራው ጀርባ። አያለሁ። «ሰገነት፣ እኔን አይደለም። አሻንጉሊቷን።» እንደገና አያለሁ። «አሁንም እኔን ነው የምታዪው» ይለኛል፤ እሱም ካሜራውን ረስቶ ያየኛል፤ ባጃጁ ባትሪ እስኪጨርስ።

የፊልሙ ዋና ቦታ ሽማግሌዎች ለሳሙኤል ሊጠይቁኝ ሲመጡና አባትየው «ሰጥቻለሁ» ሲል፣ አሻንጉሊቷ በቅናት የምትነሳበት ነው። ወጣቱን ሽማግሌ ለማድረግ ጢም መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ለጢም ደግሞ በጀት የለም። ስለዚህ ደረሰ የራሳቸው ጢም ያላቸውን አባ ዘበነንና ሁለት ጓደኞቻቸውን በሻይ ለምኖ አመጣ። አባ ዘበነ እንኳን ፊልም ሊሠሩ ፊልም አይተው አያውቁም፤ ሰቆጣ ውስጥ ግን እሳቸው ያላጋቡት ወይ ያላስታረቁት ሰው ጥቂት ነው። አባቴን ሊሆን የነበረው ተዋናይ ቤቱ ጋኔን አለበት ሲባል ሰምቶ ቀረ።

«እኔ እሆናለሁ» አሉ ጥግ ይዘው ዳዊት የሚደግሙት አባቴ። «አባት ለመሆን ትወና አያስፈልገኝም።»

ካሜራው ተከፈተ። አባ ዘበነ በትራቸውን ተመርኩዘው ገቡ።

«ተቀመጡ» አሉ አባቴ።

«አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን። ልጅዎን ሰገነትን ለልጃችን ለትዳር ፈልገን መጥተናል።»

ድርሰቱ ላይ ስሜ ሌላ ነበር፤ አባ ዘበነ ግን የማያውቋትን ልጅ አይጠይቁም። እንግዲህ አባቴ «ሰጥቻለሁ» ማለት ነበረባቸው።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አባቴ።

«ከት!» አለ ደረሰ ቀረጻውን አቁሞ። «መሪጌታ፣ ‹ሰጥቻለሁ› ነው የሚሉት።»

«ሳልጠይቅ? ልጄን መንገድ ላይ ወድቃ አገኘኋት?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ አባ ዘበነ ወደ ደረሰ ዞረው። «እኔም ዘሩን ለማላውቀው ሰው ሴት ልጅ ጠይቄ አላውቅም። ልጁ የማን ነው?»

ስድሳውን ገጽ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ሳሙኤል አባት የለውም። ደረሰን ላብ አጠመቀው።

«የኪዳኑ ልጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሰሃላው ኪዳኑ።»

«ሰባት ቤት ቁጠር» አሉ አባቴ።

ቆጠረ። ከኪዳኑ ጀምሮ እስከ ሰባት ድረስ፤ ከሦስተኛው በኋላ አማርኛው ጠፍቶት በኽምጣና። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የገዛ አባቶቹን ነበር የሚቆጥረው።

«የኔ አባት መቼ ነው ኪዳኑ የሆነው?» ብሎ ጮኸ ፋንታሁን ከላይ ቤት።

አባቴ በጣታቸው እየቆጠሩ ሰምተው ጨረሱ። «መልካም። ከዘመድ ልምከር» አሉ። «ነገ ፍልሰታ ይገባል፤ በጾም የትዳር ወሬ የለም። ሲፈታ በማግስቱ ተመለሱ።»

«ፊልም ነው እኮ፣ መሪጌታ!»

«ፊልም አይጾምም?»

አባ ዘበነም «ደግ ቀጠሮ ነው» ብለው ጓደኞቻቸውን አስከትለው ወጡ። በዚህ ምክንያት «አሻንጉሊቷ ተመለሰች» አሥራ ስድስት ቀን ቆመች። ፊልም ሠሪ ከሌላ ቦታ ቢመጣ ይሄን ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እንጃ።

በጾሙ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሩቅ እንተያያለን እንጂ አንነጋገርም። አንድ ቀን ዝናብ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አገናኘን።

«የቆጠርከው የማንን አባት ነው?» አልኩት።

«ሌላ የማውቀው ዘር የለኝም» አለ።

«ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው?»

ቀና ብሎ ዝናቡን አየ። ዝናቡ ሲያባራ ራሱን ደፍቶ ሄደ። እርግማንስ እንዲህ ያለውን ወንድ መውደድ ነው ብዬ አማረርኩ።

ጾሙ ተፈታ። በማግስቱ አባ ዘበነና ጓደኞቻቸው በቀጠሯቸው መጡ። የወልድያዎቹ ደግሞ በነገታው መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ያለችኝ ያች አንድ ቀን ብቻ ነበረች፤ እሷም ጋቢ በተሰቀለበት ቤት ውስጥ እያለቀች ነው።

ደረሰ ካሜራውን ከፈተ። አባ ዘበነ ቆመው እንደገና ጠየቁ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ ኪዳኑ ቤት አጠያይቄያለሁ» አሉ። «ከሰሃላ የመጡ ቄስ አሥራተ ማርያም የሚባሉ ካህን አግኝቻለሁ። ኪዳኑ በላቡ የሚያድር፣ የሰው ድንበር የማይገፋ ሰው ነው ብለውኛል። ዝምድናም የለንም። እንግዲህ የቀረኝ የልጁ ስም ነው። ስሙን ንገሩኝ።»

አባ ዘበነ ወደ ደረሰ ዞሩ። ሁላችንም ዞርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሳሙኤል» ቢል ፊልሙ ይቀጥላል፣ እኔም ነገ የወልድያው ሰው ነኝ። የራሱን ስም ቢናገር ደግሞ መሪጌታን በገዛ ቤታቸው ያታለለ ተብሎ ከነአሻንጉሊቱ ሊባረር ይችላል። ፋንታሁን ዝምታውን ሲሰማ ተራው የመጣ መሰለውና ክሩን ጎተተ። አሻንጉሊቷ በነጠላ ቀሚሷ ከጠረጴዛው ብድግ ብላ አየር ላይ ተንሳፈፈች። አባቴ ዓይናቸውን ከደረሰ ላይ ሳይነቅሉ ቀለቧትና አጠገባቸው ቁጭ አደረጓት።

«አርፈሽ ተቀመጪ፤ ሰው እያወራ ነው።»

ደረሰ ካሜራውን ትቶ መጣ። አባቴ ፊት ቆመ።

«ደረሰ ነው ስሙ» አለ። «የኪዳኑ ልጅ እኔ ነኝ። መሪጌታ፣ የምልከው ሰው አጣሁ። እነ አባ ዘበነን የጠራኋቸው ለፊልም ነበር፤ የማን ልጅ ነው ሲሉኝ ግን የሌላ ሰው አባት ልጠራ አልቻልኩም። ሰገነትን እወዳታለሁ። ፊልሙ ይቅርብኝ፤ እሷን ግን አይንሱኝ።»

አባቴ ወደ አባ ዘበነ ዞሩ። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እኔ ትወና ምን አውቄ?» አሉ አባ ዘበነ። «ልጁ ሽማግሌ ሆነው ይምጡልኝ አለኝ፤ ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። ያጠጣን ሻይ ስኳር ባይኖረውም።»

አባቴ ደረሰን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «በደንባችን ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንተ ካሜራ ደግነህ መጣህ። ሰባት ቤት ስትቆጥር ነው እኮ የገባኝ፤ ሰው የሌላውን አባት ሲቆጥር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። አፍ አውጥተህ ትናገር እንደሆነ ልየው ብዬ አሥራ ስድስት ቀን ጠበቅሁህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? የወልድያዎቹ ነገ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

ድርሰቱ እዚህ ላይ «ትጮኻለች» ይላል። ራሴ ነኝ የተየብኩት።

«አይሆንም ይበሏቸው፣ አባዬ» አልኩ። «እኔ ደረሰን ነው የምፈልገው።»

አባቴ «እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ። «በሉ አሁንስ ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እናቴ ከደጅ እልልታዋን አቀለጠችው። ፋንታሁን ከላይ ቤት «ከት ነው ወይስ አይደለም?» እያለ ይጮኻል፤ የሚመልስለት አልተገኘም።

እኔና ደረሰ ወጥተን ከቤቱ ክፈፍ ሥር ቆምን።

«ይሄኛውም አላስፈራም» አለኝ። «አሻንጉሊቷን አባትሽ እንኳ ተቆጧት።»

«እኔ ፈርቻለሁ።»

«አሻንጉሊቷን?»

«አንተን። ዝም ትላለህ ብዬ። እንደዛሬ ፈርቼ አላውቅም።»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። እጄን ያዘኝ። አባቴ ወጥተው በሩ ላይ ቆመው እያዩን እንኳ አልለቀቀኝም።