የክፍሌ እግር

የሰልባጅ ነጋዴው ከሪም የጫት በርጫ ላይ እንደተጋደመ በገዛ ትራሱ ታፍኖ ተገደለ። ኢንስፔክተር ፊርዶስ ስትደርስ የመጋላ ሰፈር ሰው ፈርዶ ጨርሷል፤ የሱቁ ሠራተኛ ክፍሌ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ማስረጃው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እግሩ ይሸታል! ይህን አፍ ሞልተው ሲያወሩት ትንሽ እንኳ አያፍሩም።

የሟች ወንድም ተማም ደረቱን ነፍቶ መሰከረ። ከምሳ በኋላ መጋረጃ አውርዶ አጠገብ ባለው ክፍል ተኝቶ ሳለ፣ ክፍሌ ወደ ከሪም ሲያልፍ እንደነቃ ተናገረ።

«አየኸው?» አለችው ፊርዶስ።

«ማየት ምን ያደርጋል? ወላሂ ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ።»

የሟች ሚስት ዐማልም አፍንጫዋን ይዛ «ይሰቀል!» አለች። እሷ ቀፊራ ገበያ መዋሏን ብዙ ሰው አይቷል። በሩ ከውስጥ በተቀረቀረው ግቢ የነበሩት ተማምና ክፍሌ ብቻ ናቸው።

ፊርዶስ ክፍሌን ለብቻ ጠየቀችው። ጠዋት ከሪም ሱቁን ለክፍሌ ሊያስረክብ መወሰኑን ለእሱም ለተማምም ነግሯቸው ነበር። ስለ እግሩ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። ጤና ጣቢያ ከሄደ ወዲህ ጠዋት ማታ በሳሙና ይታጠባል፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ያደርቃል፤ መድኃኒት ይቀባል። የናይለን ካልሲ ጥሎ የጥጥ ያደርጋል፣ ሁለት ጫማ እያፈራረቀ ያናፍሳል። ላቡም ሽታውም ከለቀቀው ሰነባብቷል።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን ልንገር? ገና ሲያዩኝ እኮ ነው አፍንጫቸውን የሚይዙት።»

ፊርዶስ ሁሉንም ሰብስባ የክፍሌን ጫማ አስወለቀችና መጀመሪያ ራሷ አሸተተች። ቀጥላ ለዐማል ሰጠቻት። ዐማል ፊቷን አጨማድዳ ጠጋ አለች፤ ቀና ስትል ግን ግራ ገብቷት ነበር።

«ምንም የለውም» አለች።

«ቀኑን ሙሉ የዋለበት ጫማ ነው» አለች ፊርዶስ ወደ ተማም ዞራ። «አፍንጫ ሥር ቀርቦ ያልሸተተ ጫማ፣ ሌላ ክፍል የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ስለዚህ ዋሽተሃል። በሩ ተቀርቅሯል፤ ከሁለታችሁ በቀር ማንም አልነበረም። ሱቁ ከእጅህ ሲወጣ ወንድምህን ገደልክና በክፍሌ ልታላክክ ፈለግህ። ስለናቅኸው መዳኑን እንኳ አላየህም።»

«እኔ ወንድሙ እያለሁ፣ ሱቁን ለዚህ ግም!» ብሎ ፈነዳ ተማም። ይኸው፣ በገዛ አፉ።

ካቴናው ከክፍሌ እጅ ወልቆ ተማም እጅ ላይ ገባ። ቅድም «ይሰቀል» ስትል የነበረችው ዐማል ይቅርታ አላለችም፤ ነገ ሱቁን በጊዜ እንዲከፍት አዘዘችው እንጂ። ክፍሌ ቁጭ ብሎ ጫማውን አሰረ።

«ሌላ ሰው ፈልጊ፣ እትዬ» ብሏት ወጣ።