ሦስቴ ከፍ፣ አንዴ አቁም

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ አይደለም። እኔ ራሴ ባላምነው ደስ ባለኝ... ግን ሆኗል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ኦሎምፒያ አካባቢ፣ አንድ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ውጭ ፀሐይ ነው። የታክሲ ረዳት ይጮሃል።

ከስድስት ቀን በፊት ገርጂ፣ የምንሠራበት ሕንፃ ላይ፣ እኔና ጓደኛዬ ጋዲሳ ላይ የኮንክሪት ቢም ወደቀ። የእኔ ግራ እግር ተጨፈለቀ።

ጋዲሳ ሞተ።

ዶክተሩ ቁርጡን ነግሮኛል። "ጡንቻው ዛሬ በኦክስጅኑ ካልነቃ፣ ነገ እንቆርጠዋለን።"

ማሽኑ ሰው የሚያጋድሙበት የመስታወት በርሜል ነው። ዘግተው ኦክስጅን በግፊት ይሞሉታል። ነርሷ ፀደንያ እግሬን አጠበችልኝ። ስልኬንና ቀለበቴን ተቀበለችኝ።

"ማይኩ ተበላሽቷል። ከፈለግከኝ መስታወቱን አንኳኳ።"

"እንደ ሳይታችን ይሁና" አልኳት። እኛ ክሬን የምናዘው ፌሮ ብረት እየመታን ነው። "አንዴ፣ አቁም። ሦስቴ፣ ከፍ አድርግ።"

"እሺ፣ ኢንጂነር።"

ተዘጋ። ጆሮዬ ተደፈነ።

ከዚያ ሸተተኝ... እርጥብ ሲሚንቶ።

እግሬ ከደነዘዘ ስድስት ቀኑ ነው። አሁን ግን ቁርጭምጭሚቴን የሆነ ነገር ያዘው። ቀስ ብሎ... እንደ እጅ።

መስታወቱን መታሁ። አንዴ።

ከእግሬ በኩል ተመታ። ሦስቴ።

ፀደንያ አውራ ጣቷን አሳይታኝ ግፊቱን ጨመረች።

አንዴ መታሁ።

ሦስቴ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ቢሙ ስር ሆነን፣ ክሬኑ ሊያነሳልን ሲጀምር፣ ጋዲሳ ፌሮውን አንዴ መታ። አቁም። በእኔ በኩል ሲነሳ እሱን እየተጫነው ነበር።

ሰምቼዋለሁ።

እኔ ሦስቴ መታሁ። እሱ አንዴ። እኔ ሦስቴ... ዝም እስኪል።

በርሜሉ ሲከፈት ፀደንያ ግራ ገባት።

"ምነው እንዲህ አላበህ? አንተው አይደለህ ከፍ አድርጊ ያልከኝ?"

"እኔ አንዴ ነው የመታሁት።"

"ኧረ ባክህ።" እግሬን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቆይ... ይሄ ሲሚንቶ ከየት መጣ? አጥቤህ ነበር እኮ።"

ዶክተሩ መጥቶ እግሬን ዳሰሰው። "ሞቋል። እስቲ ጣቶችህን አንቀሳቅስ።"

ገና ሳልሞክር ተንቀሳቀሱ።

"ተረፈ" አለ። "አይቆረጥም።"

"ዶክተር..." አልኩት በሹክሹክታ፣ "ቁረጡልኝ።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ወጣ።

ብቻዬን ስቀር፣ ፀደንያ በመለሰችልኝ ቀለበት የአልጋውን ብረት መታሁ። አንዴ።

አንሶላው ስር... የግራ እግሬ አውራ ጣት ቀና አለ። ሦስቴ።