የመሉር ሚዶ

በሂጅራ አቆጣጠር በ1274ኛው ዓመት፣ የፓሃንግ አገር መሳፍንት ወንድም በወንድሙ ላይ ስለት የሚስልበት ዘመን ሲጀመር፣ የሰሜን ምሥራቁም ነፋስ ባሕሩን ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ጠባብ ታንኳ የሰምባዩን ወንዝ ሽቅብ ትቀዝፍ ነበር። ውሃው የጠቆረ ነው፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተጎንብሰው ከላይ ተቃቅፈዋል፤ ፀሐይም ወደ ውስጥ የምትገባው በልመና ነው። በታንኳይቱ አፍንጫ ላይ የተቀመጠው ጄናል፣ በገዢው ግቢ የሽቶ ቤት ጠባቂ ሆነው፣ ኦራንግ ካያ የሚባለውን ማዕረግ ይዘው የሞቱት ሰው ልጅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ዳር ርቆ አያውቅም፤ ደኑንም የሚያውቀው ከሩቅ፣ እንደ ሰማያዊ ተራራ ብቻ ነበር።

የወንዙ ገዢ አረጋዊው ዳቶ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። የጌታ ሬሳ ያለ ካፉር አይታጠብም፤ ከዛፍ ልብ የሚወጣው ያ ነጭ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነገር ግን ከግቢው ዕቃ ቤት አልቆ ተገኘ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሁለት ገባር ወንዞች ተላኩ፤ አንዱ ጄናል፣ ሌላው ያጎቱ ልጅ እምቦንግ። ካፉሩን ቀድሞ ያመጣ የኦራንግ ካያን ማዕረግ ይወርሳል ተባለ። ጄናል ያንን ማዕረግ አጥብቆ ይፈልገው ነበር፤ ያለ እሱ በአባቱ ግቢ የማንም ተላላኪ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የካፉር ፈላጊ ሚስት ደግሞ ባሏ ከደን እስኪመለስ ፀጉሯን አታበጥርም። ካበጠረች ዛፉ ሲሰነጠቅ ልቡ በሚዶ ጥርሶች መካከል እንዳለው ክፍተት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ጄናል ሊሄድ ሲነሣ፣ ካገባት ዓመት ያልሞላት መሉር የቀንድ ሚዶዋን ከጣሪያው ክዳን ሥር ሻጠችው።

«ቅማል ካፈራሁ የምትለቅመው አንተ ነህ» አለችው።

«የኦራንግ ካያ ሚስት ቅማል አታፈራም።»

«ቅማሎቹ ይህን ቢያውቁልኝ ጥሩ ነበር። በል ሂድ፤ ብቻ በሕይወት ና፤ ማዕረጉ ይደርሳል።»

«ቃልሽን ስጪኝ።»

«ሰጠሁህ። የእምቦንግ ሚስት ኬሱማም ሰጥታለች፤ ሁለታችን ተንጨባርረን ልጆች ስናስፈራራ እንከርማለን።»

ጄናልን ወደ ውስጥ የሚመሩት ባቲን ሊንጎህ፣ የደኑ ሰዎች አለቃ ነበሩ። ውሃው አጥሯቸው በእግር በገቡ ጊዜ ጄናል ሕልም ውስጥ የገባ መሰለው። ጎህ ሲቀድ ክንደ ረጃጅም ጦጣዎች ከጉሙ በላይ ሆነው ይዘፍናሉ፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ዜማው ከፍ እያለ እያለ ሄዶ ይሰበራል፣ ሌላዋ ከሸለቆው ማዶ ትቀበላታለች። ምንቃሩ ላይ ቀንድ ያለው ትልቅ ወፍ ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ከፊቱ ጥቁር፣ ከኋላው ነጭ የሆነ አንድ ወፍራም እንስሳ አጭር ኩምቢውን እያወዛወዘ መንገድ ላይ ቆሞ አያቸው፤ የሚፈልጋቸው ሰዎች አለመሆናቸውን ሲያረጋግጥም ቀስ ብሎ ወደ ጥሻው ገባ። ቅጠል የመሰለው ይዘላል፤ ሐረግ የመሰለው ይሳባል። ጄናል አንጋጥጦ ሲሄድ እግሩ በአልቅት መሸፈኑን አላወቀም።

«ወደ ታችም እይ እንጂ፣ የግቢ ልጅ» አሉት ባቲን። «አልቅቱን ሁሉ ግብር ልታበላ ነው?»

ራት ሲቀርብ ጄናል በለመደው የግቢ ወግ ጨዉን በጠጠር አድቅቆ ሩዙ ላይ ነሰነሰ። ባቲን እጁን ያዙት።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ጨው ነው፣ አባቴ።»

«ጨው መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ጨው ሳይፈጭ ነው የሚበላው። ካደቀቅኸው ያም ነገር ዱቄት ሆኖ ይጠብቀናል።» ካፉር በደን ውስጥ በስሙ አይጠራም። ከዚያ በኋላ ጄናል ጉሮሮውን እየቧጠጠው የጨው ጠጠር ዋጠ።

በመጨረሻ ባቲን አንዱን ግዙፍ ዛፍ አሸተቱት፤ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ አኑረው አዳመጡና «ይሄ ነው» አሉ። ዛፉ ሲወድቅ ሰማይ ተከፈተ፤ ለዘመናት ብርሃን ያላየ መሬት በፀሐይ ተጥለቀለቀ። ግንዱን ሲሰነጥቁት ቀዝቃዛ ሽታ ወጣ፤ በልቡ ውስጥ ግን ረድፍ ረድፍ ሆነው የቆሙ ክፍተቶች እንጂ አንዲት ፍሬ ነጭ ነገር አልነበረም።

ጄናል ተንበረከከ። «የኔ ጥፋት ነው። ጨዉ ነው።»

«ጨዉ ቢሆን ዱቄት ባገኘን» አሉ ባቲን፤ ጣታቸውን በክፍተቶቹ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ። «ይሄ ባዶ ነው። ይሄ ሚዶ ነው፣ ልጄ። ሚስትህ አበጥራለች።»

«ሌላ ዛፍ እንቁረጥ።»

«ደኑን ሁሉ ብትጨርሰው ያው ነው። ወደ ቤትህ ግባ።»

ጄናል ቁልቁል ሲመለስ ጦጣዎቹም ወፎቹም አልተሰሙትም፤ ልቡ በቁጣ ነዶ ነበር። አንድ የፀጉር ነገር፣ ይህንን እንኳ ልትጠብቅለት አልቻለችም።

ወንዙ ከሚጠብበት ስፍራ ሲደርሱ ጦር የያዙ ሰዎች ታንኳዋን አስቆሙ። ዳቶ አርፈዋል፤ አባቱን ያጠበ ወንበሩን ይወርሳል ብለው ሁለቱ ልጆቻቸው ተፋጠዋል፤ የሁለቱም ሰዎች ካፉሩን ለመንጠቅ በሁለቱ ዳርቻ አድፍጠዋል። ሰዎቹ የጄናልን የካፉር መያዣ ቀርከሃዎች አንድ በአንድ ገልብጠው አራገፉ።

«ባዶ ነው» አለ አንዱ እየሳቀ። «የኦራንግ ካያ ልጅ ነፋስ ሊለቅም ነው የከረመው። እለፍ።»

ጥቂት ዝቅ ብሎ የተገለበጠች ታንኳ በዛፍ ሥር ተጠልፋ አየ። የእምቦንግ ታንኳ ነበረች። እምቦንግ በማለዳ ቀርከሃውን ሞልቶ መጥቶ፣ አልሰጥም ብሎ፣ እዚያው ተገድሏል።

ቤት ሲደርስ መሉር በራፉ ላይ ቆማለች። ፀጉሯ ተበጥሯል፤ ዘይትም ተቀብቷል።

«አበጥረሻል» አላት።

«አዎ።»

«ቃል ሰጥተሽኝ?»

«ዳቶ የሞቱ ለታ ካፉር የያዘ በሕይወት እንደማያልፍ ሰማሁ። ማንን ልላክልህ? ደኑ ውስጥ ማን ያገኝሃል? ካንተ ጋር የሚያገናኘኝ ይሄው ፀጉሬ ብቻ ነበር። ባዶህን እንድትመጣ አበጠርሁ፤ ራሴ እስኪደማ ነው ያበጠርሁት።»

ጄናል አቀፋትና አለቀሰ። ቆይቶ «ኬሱማስ?» አለ።

«ሚዶውን ይዤላት ሄድሁ። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኋት። ‹እኔ ቃሌን አላጥፍም› አለችኝ።»

ኬሱማ መርዶውን ሰምታ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች፤ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ከመሉር ፊት ተቀመጠች። መሉርም የቀንድ ሚዶዋን አንሥታ የተቋጠረውን ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ትፈታው ገባች፤ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች፣ ኦራንግ ካያ እምቦንግ ለጌታው ታምኖ በሰምባዩ ወንዝ መጥበቢያ እንደ ወደቀ ከተቡ፤ ማዕረጉም ለመቃብሩ ተሰጠ። ባዶ ቀርከሃ ይዞ ያለፈው ሰው ስም በጽሑፉ የለም፤ ስለ ሁለቱ ሴቶች ፀጉርም አንዲት መስመር አልተጻፈችም። ጄናል ዓሣ እያጠመደ አረጀ፤ ከሁለቱ የታመነችው የቷ ናት ብለው ሲጠይቁትም መረቡን ይጠግን ነበር። ሚዶው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ በኬሱማ ቤት ቀረ፤ መሉር መልሽልኝ ብላ አታውቅም።