ቀለም የተቀባው ስብራት

የካቦ ገብረ መድኅን ሬሳ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. አንድ ማለዳ መካኒሳ በሚሠራው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተገኘ። ደረቱ ላይ ሦስት ጎልማሳ የማያነሳው የጣሪያ ተሸካሚ ተጋድሞበታል። ተሸካሚው ከአንግል ብረት የተበየደ ሲሆን፣ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ግድግዳ አስጠግተው በአንዲት የአንግል ብረት ድጋፍ አቁመውት ነበር። ድጋፏ ከሁለት ተሰብራለች።

መርማሪው መቶ አለቃ ከበበው ተጠርቶ ሲደርስ፣ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ደምሰው ወንጀለኛውን አግኝቶ ጨርሷል። በያጁ ቱሉ እጁን የኋሊት ታስሮ ጭቃ ላይ ተቀምጧል።

«ብየዳውን ሆን ብሎ አበላሽቶታል» አለ ካድሬው። «የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

ያ መኪና የወሰደው ሰው እንደማይመለስ መካኒሳ ያለ ሁሉ ያውቃል። ቱሉ ደግሞ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከበበው ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ተኩል ሆኗል።

«እስከዚያ ድረስ ለእኔ ተውልኝ» አለ።

ከበበው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በልጅነቱ «ቡዳ» እየተባለ ስለተሰደበበት አያወራውም እንጂ፣ ብረት ያነባል። ተንበርክኮ ድጋፏን አገላበጠ። ብየዳው ደህና ነው፤ የተሰበረችው መሃሏ ላይ ነው። የስብራቱ ፊት ከሞላ ጎደል ለስላሳ ሆኖ፣ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ቀይ ቀለም፣ አንቲረስት፣ ደርቆበታል። ጥፍር የምታህል አንዲት ጥግ ብቻ ያለ ቀለም ታብረቀርቃለች። ከበበው ያየውን ለማንም አልተናገረም።

ቦታው ቀድሞም ሰው ያስፈራል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብር፣ ሬሳ የሚጣልበት ሜዳ ነበር። ንፋስ ሲነሳ ብረቶቹ ያቃስታሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው እየተጋፋ ይወጣል፤ ወደ ኋላ የሚቀረው ካቦው ብቻ ነበር።

«ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?» ሲል ከበበው የንብረት ጠባቂውን ማሞን ጠየቀው።

«ኧረ ይተዉኝ፣ ጌታዬ! ‹ብረቱ ይንኳኳል፤ ሦስት ጊዜ! ማሞ፣ ሰማህ?› ይለኛል። እኔ ምንም አልሰማ። እሱ ግን ላብ በላብ ይሆናል።»

«እየፈራም ይቆይ ነበር?»

«ምን ያድርግ? እያንዳንዱን ድጋፍ በእጁ ሳይነቀንቅ አይወጣም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።»

ከበበው በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ገና የተቆረጠ አጭር አንግል ብረት አቀበለው። «እስቲ ያዝልኝ።» ማሞ አየት አደረገውና ቁርጥራጩ ክምር ላይ ወረወረው። እመጋዘኑ ደጅ የተቆለለው ብረት ዝናብ እየጠጣ ዝጓል።

ከበበው ቱሉን አስፈታና ያንኑ ብረት አንሥቶ ሰጠው። በያጁ የተቆረጠውን ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ቀለም እንዳይነካው፣ ጌታዬ። ቀለም ከነካው ብየዳ አይዝም።» ከዚያ ወደ ከበበው ቀና አለ። «ልጆቼ ዛሬ ‹አባታችን የት ነው?› ይላሉ።»

ቀለም ቀቢዋ ተሾመች ሃምሳን አልፋለች። ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ በቆመበት እሷ ትቀባለች።

«እትዬ ተሾመች፣ ካቦውን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?»

«ጎረቤቴ ነው። አጥር ለአጥር ነን።»

«ልጆች አሉዎት?»

«አንዲት ነበረችኝ። ትሩፋት።»

ከበበው ብረቱን አቀበላት። እሷ ዓይኗን ከቱሉ ላይ ሳትነቅል ብሩሿን ነከረችና ባዶውን ቁርጥ ቀባችው። ከበበው አመስግኗት ሄደ፤ ደስ ግን አላለውም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ተሸካሚው አጠገብ ሰበሰበ።

«ጓድ ደምሰው፣ ይህ ድጋፍ አስቀድሞ ተቆርጧል። አንዲት ጥግ ብቻ ቀርታው ነበር። ካቦው እንደ ልማዱ ሲነቀንቀው እሷም ተቀደደች።»

«የቆረጠው ቱሉ ነዋ!»

«ቱሉ መግደል ቢፈልግ ብየዳውን ያሳሳ ነበር፤ ሰጌቶ ምን ያደርግለታል? ደግሞም የተቆረጠው ፊት ተቀብቷል። በያጅ የተቆረጠ ብረት ቀለም አያስነካም። ማሞ ብረት ሲዝግ እያየ ያልፋል። እዚህ ግቢ ባዶ ብረት አይቶ ማለፍ የማይችል እጅ አንድ ነው። ዛሬም ከፊቴ ሳያስበው ቀባ።»

ሰው ሁሉ ወደ ተሾመች ዞረ። ብሩሹን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ። ትናንት፣ በምሳ ሰዓት። መቀባቴን እንኳ ልብ አላልኩትም።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ያኔ፣ በቀይ ሽብር፣ ወታደሮቹ ቤቴን ሲፈትሹ ትሩፋቴ አጥር ዘልላ የገብረ መድኅንን በር አንኳኳች። ሦስት ጊዜ። እኔ ሰማሁ፤ እሱም ሰማ። መብራቱን አጠፋ። ጠዋት እዚህ ሜዳ ላይ አገኘኋት።»

«ስለዚህ ብረቱን እያንኳኩ ያስፈራሩት ነበር።»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማንኳኳቱን ግን አላንኳኳሁም። እኔም እሰማው ነበር።»

ማሞ አማተበ።

«ቱሉን ሲያስሩት ለምን ዝም አሉ?»

«ፈራሁ፣ ልጄ። የሰው ልጅ ሊሞት እያየሁ፣ በሩን እንዳልከፈተው እንደ ገብረ መድኅን ፈራሁ።» ወደ ቱሉ ዞረች። «ይቅር በለኝ። ልጄን እንኳ አላለቀስኳትም። ክልክል ነው ተባልኩ።»

ቱሉ ነፃ ነው፤ ወደ ልጆቹ መሮጥ ይችላል። እሱ ግን ሄዶ ፊቷ ቆመና ደረቱን በሁለት እጁ መታ።

«ወይኔ ትሩፋት! ወይኔ እህቴን!»

ማሞ ተከተለው። ድንጋይ የሚሸከሙት ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው መጡ።

«ዝም በሉ! ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም!» እያለ ጓድ ደምሰው ሽጉጡን ነካ። ከበበው ባርኔጣውን አውልቆ በመሃላቸው ገባ።

«ያልቅሱ፣ እትዬ» አላት። «እጠብቅዎታለሁ።»

ተሾመች ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ልጇን በስሟ እየጠራች አለቀሰቻት።