የረጋ ዘይትና የሰፊዋ እጅ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጎረቤት የመከራችሁን ነገር ሳትመረምሩ ስንት ጊዜ አድርጋችኋል? ግድ የለም፣ አትመልሱልኝ። እኛ ሰዎች «ምን አለበት?» ማለት እንወዳለን። ምን እንዳለበት የምናውቀው ጉዱ ከደረሰ በኋላ ነው። የምነግራችሁ ታሪክ ደስ የሚል አይደለም፤ ደስታ የፈለገ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

እኔ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። የምኖርበት የኪራይ ፎቅ ላይ፣ ከበሬ ፊት ለፊት፣ ዳቦ ቤት ሊጥ የምታቦካ ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች። እናትየዋን ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ መላ ነው የሚላት። ለሁሉም ነገር መላ ስላላት እውነተኛ ስሟን ረስተንላታል።

መላዋ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የረጋ ዘይት። ዳቦ ቤቶች ሊጥ የሚያሹበት፣ ነጭ፣ እንደ ቅቤ የሚረጋ ዘይት ታውቃላችሁ አይደል? የዳቦ ቤቷ ሠራተኞች ጣሳው ሲያልቅ ቂጡ ላይ የቀረውን ፍቀው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ፤ ደንባቸው ነው። እትዬ መላ የደረሳትን በማርማላታ ብልቃጥ እየሞላች ግማሹን ለራሷ ታስቀምጣለች፣ ግማሹን ለጎረቤት ታድላለች።

እውነቱን ለመናገር ብዙው ይሠራል። በር ሲጮህ ማጠፊያውን ቀብታ ዝም ታሰኘዋለች። አዲስ ሳህን ላይ የተለጠፈ የዋጋ ወረቀት እምቢ ሲል፣ ቀለበት ጣት ላይ ሲጠብቅ፣ ማስቲካ የልጅ ፀጉር ላይ ሲጣበቅ፣ ከብልቃጡ ቆንጠር አድርጋ ታስለቅቃለች። የደረቀ ጫማ ታበራበታለች፤ ኩልና ሊፕስቲክ ትጠርግበታለች፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ቀብታ ካልሲ አልብሳ ታሳድርበታለች። የእኔም ተረከዝ ድኖበታል፣ አልክድም።

«እስቲ እጄን እዩት!» ትላለች እጇን ዘርግታ። «ዕድሜ ልኬን ሊጥ ሳቦካ ኖሬ የሕፃን እጅ አይመስልም? እናንተ ለክሬም ገብሩ፣ እኔ እንደሆንኩ ጣሳዬን ነው የምፍቀው።»

እኛም እንስቃለን። ብልቃጡን ተቀብለን እንሄዳለን።

ጣጣው የመጣው ለበር የሠራ ለቁስልም ይሠራል ስትል ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ የጋለ መጥበሻ ጣታቸውን ሲነካቸው ሠራተኞቹ ወዲያው ዘይቱን ቀባ ያደርጋሉ፤ ይድናል። ለምን አይድን? ጥፍር የምታክል ቃጠሎ ምራቅ ቢቀቧትም ትድናለች። እነሱ ግን ያዳናት ዘይቱ ነው ብለው አመኑ። እትዬ መላም ይህንን እምነት ከዘይቱ ጋር እያደለች ቤት ለቤት አዳረሰችው።

ልጇ የምትሠራው ከእኔ ጋር ነው። ሰፊ ናት፤ ሰፊ ስል ደግሞ ማሽን የሚነዳውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። የሙሽራ ልብስ ላይ ዶቃ የምትሰፋው፣ ዳንቴል የምትገጥመው፣ ማሽን የማይደፍረው ቦታ በመርፌ የምትገባው እሷ ብቻ ነበረች። እጇ ወርቅ ነበር። ደንበኞች «ያቺ ልጅ ካልሠራችው ይቅርብኝ» እያሉ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የራሷን ሱቅ ልትከፍት ቤት እያፈላለገች ነበር።

«አንቺ ትቆርጪልኛለሽ» ትለኝ ነበር። «ደግሞ እዚያም እንደዚህ እንዳትነጫነጪ፤ አለቃሽ ነኝ።»

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ በዚያው በረጋ ዘይት ዶናት ይጠብሳሉ። ልጅቷ ድስቱን ከእሳት ላይ ስታወርድ እጀታው ከዳት። የፈላው ዘይት ከቀኝ አንጓዋ እስከ ጣቶቿ ፈሰሰ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እየጮኸች ወደ ቧንቧው ሮጠች፣ ከፈተችው፣ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት እናቷ ከኋላ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«ውሃ እንዳታስነኪው! ውሃ ከነካው ይቋጥራል!»

እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ስገባ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፤ ውሃው በከንቱ ይወርዳል። እትዬ መላ ልጇን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ዘይቱን ከብልቃጥ እየዛቀች እጇን ትለቀልቃለች። ባቃጠላት ነገር መልሳ ትቀባታለች!

«ኧረ እትዬ፣ ተይ! ውሃው ሥር ታድርገው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አልኳት።

«ለዚች? ስንቱን ቃጠሎ ያዳንኩ ሴት ነኝ! አንቺ ጨርቅሽን ቁረጪ።»

«እጇ እኮ ነው! የምትበላበት እጅ ነው!»

«እናቷ እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ልታዝኚላት ነው?»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ጥርሷን ነክሳ «ተያት፣ እማዬ ታውቃለች» አለችኝ።

እትዬ መላ እጁን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ በጨርቅ አሰረችው። ጠዋትና ማታ እየፈታች ዘይት ትጨምርበታለች። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ በሯን አንኳኳሁ፤ «እየጠገገ ነው» እያለች መለሰችኝ። ሳምንት ሳይሞላ የቁስሉ ሽታ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። በመጨረሻ ልጅቷ በትኩሳት መቃዠት ስትጀምር የእኔን በር ያንኳኳችው እናትየዋ ሆነች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልጅቷን ደግፈን ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ነርሷ ላስቲኩን ስትፈታ ለአፍታ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ዘይቱን ከቁስሉ ላይ ታስለቅቅ ጀመር። ያንን ለጠላቴም አልመኝም። ልጅቷ አንሶላውን ነክሳ ታቃስታለች፣ እናቷ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች።

«ይሄን የቀባት ማነው?»

«እኔ ነኝ… ይጠቅማታል ብዬ።»

«እናቴ፣ ዘይት ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል። ይኸው አመረቀዘ። ያኔውኑ ከሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል አቆይታችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ብታመጧት ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም።

«ዳቦ ቤት ግን ሁሌ እንቀባለን፣ ይድናል እኮ!»

«እሱ ባትቀቡትም ይድን ነበር» አለች ነርሷ።

ከብዙ ሕክምና በኋላ ቁስሉ ደረቀ። «እንኳን ዳነች» ተባለ። ቆዳው ግን ተሸብሽቦ ጣቶቿን ወደ መዳፏ ሰብስቧቸዋል፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አይገናኙም። ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት መርፌ አነሳች፤ ወደቀባት። ደግማ አነሳች፤ ወደቀባት። እኔ መቀሴን ይዤ ወደ ጨርቄ አቀረቀርኩ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልብስ እንድታጣጥፍና ደንበኛ እንድትቀበል አደረገቻት። አሁን ሰዎች እየመጡ «ያቺ ዶቃ የምትሠራው ልጅ የት ሄደች?» ብለው እሷኑ ይጠይቋታል።

«ለቃለች» ትላቸዋለች።

እትዬ መላ ይቅርታ መጠየቋ አልቀረም። አብረን እራት በቀረብንበት አንድ ቀን «ልጄ፣ ክፉ አስቤ እኮ አይደለም» አለቻት።

«አውቃለሁ እማዬ። ግን ውሃው ቅርብ ነበር። ከፍቼውም ነበር።»

እትዬ መላ ምግቡን ገፋ አድርጋ ተነሣች። ያን ዕለት ቤቷ ያለውን ብልቃጥ ሁሉ ለቅማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምንኛ በተሻለ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የራሷን ብልቃጥ ጣለች፤ ለሰው ያደለችውን ማን ይሰብስብላት?

አንድ ቀን ምድር ቤት የምትኖር የአንዲት ወጣት እናት ሕፃን ልጅ ክንድ ላይ የፈላ ሻይ ተደፋ። በጩኸቱ ሁላችንም ወረድን። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ፣ እጇን የዘይቱ ብልቃጥ ውስጥ ከታ ልትቀባት ስትል ደረስን። እትዬ መላ ብልቃጡን ነጥቃ ወረወረችው፣ ሕፃኗንም ነጠቀቻት።

«ቧንቧውን ክፈቺ! ቶሎ በይ!»

«ኧረ ልጄን ልቀቂ! ውሃ ይቋጥራል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ዘይቱንስ በእጅሽ የሰጠሽኝ?»

«አዎ፣ እኔው ነኝ! የማላውቀውን ነው የነገርኩሽ! የልጄን እጅ አላየሽም? ክፈቺ ብዬሻለሁ!»

ቧንቧውን እኔ ከፈትኩት። እትዬ መላ የሕፃኗን ክንድ ከሚወርደው ውሃ ሥር አድርጋ ያዘች። እናትየዋ ልትወስዳት በሞከረች ቁጥር «ገና ነው፣ ገና ነው» ትላለች። የሕፃኗ ለቅሶ ቀስ በቀስ ወደ ሳግ ወረደ። በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ሐኪም ይዘናት ሄድን፤ ዛሬ ክንዷ ላይ የቀረው አንዲት ነጣ ያለች ምልክት ናት።

ልጅቷ፣ ሰፊዋ ልጇ፣ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ታይ ነበር። እናቷ የሌላ ሰው ልጅ ክንድ ውሃ ሥር ይዛ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» እያለች ስታባብል አየች። የተኮማተረ እጇን ሻርፗ ሥር ከተተችና ወደ ላይ ወጣች። እናቷም አይታታለች። ዕንባዋ ቢወርድም እጇን ከውሃው ሥር አላወጣችም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ መላ በየቤቱ እየዞረች «የነገርኳችሁን እርሱት» ትላለች። የሚሰማት አለ። «እሱ የልጅቷ ዕድል ነው፣ እኛን አድኖናል» ብሎ በሩን የሚዘጋባትም አለ። ዕድል! የራሳችንን ጥፋት ሁሉ የምናሸክመው ይሄ ዕድል የሚባል ምስኪን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?

ወገኖቼ፣ የተረፈ ዘይት ለጫማም ለዚፕም ተጠቀሙበት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ፍቅር ግን ዕውቀት አይደለም። እትዬ መላ ልጇን ከእኔም ከእናንተም በላይ ትወዳታለች፤ የጎተተቻትም በዚያው ፍቅር ነው። እንግዲህ ቃጠሎ ላይ ዘይትም ቅቤም ሌላ መላም አትቀቡ። የተቃጠለ ሰው ወደ ውሃ ሲሮጥ ካያችሁ መንገዱን ልቀቁለት።