ባዶ ጭነት

አባቴ ቃለ አብን ሳያየው የጠላው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ቃሉን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ፣ አንኮበር ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ እየሞቀ።

«ይጭናል» አልኩት።

ፊቱ በራ። አባቴ ጋሽ ባየው ዕድሜውን በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት መሪውን እስኪለቅ ድረስ የጣርማ በርን አቀበትና ቁልቁለት ከቆላ ማሽላ፣ ከደጋ ገብስ እየጫነ ተመላልሶበታል።

«ጎሽ! ምን ይጭናል? እህል ነው ሲሚንቶ?»

«መዝሙር» አልኩት። «መዝሙርና ዘፈን። ፍላሽ ላይ።»

የበራው ፊት ጠፋ። በሁለት ጣቱ መጠኗን ለክቶ አሳየኝ። «ይቺን የምታህለዋ ላይ? ይሄም ጭነት ሆኖ? ኧረ ልጄ፣ ሰው አጣሽ?»

ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የሚገርመው ከቃለ አብ ጋር ያገናኘኝ አባቴ ራሱ ነው። ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ፍላሽ የምታነብ ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁለት። ማንበብ ካቆመ ቆይቷል፤ የዳዊት ንባብና በገና ይስማበት ብዬ ነው። በጓደኛዬ ኮምፒውተር ፍላሹን ሞልቼ ሬዲዮዋ ላይ ብሰካው ጭጭ አለች። መናኸሪያው አጠገብ «መዝሙር፣ ዘፈን፣ ፊልም ይጫናል» የሚል ወረቀት የለጠፈ ጠባብ ሱቅ ነበር። ገባሁ።

ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበ ረጅም ልጅ ተቀምጧል። ሰላም እንኳ ሳልለው ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ሬዲዮዋ አላነብም አለችኝ» አልኩት።

ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አየው። «ኤንቲኤፍኤስ ነዋ!» አለ።

«በሽታ ነው?»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

«በሽታ እንኳ አይደለም፤ ጠባይ ነው። ፍላሽ ፎርማት ሲደረግ ከሦስት ጠባይ አንዱን ይይዛል። ኤንቲኤፍኤስ ጠንካራ ነው፤ ድንገት ብትነቅይው እንኳ ቶሎ አይበላሽም። ግን ኩሩ ነው፤ ከኮምፒውተር በቀር ከብዙዎቹ ጋር አይግባባም። ኤክስፋት ወጣት ነው። የፈለግሽውን ያህል ትልቅ ፊልም ብታሸክሚው አይከብደውም፤ የድሮ ሬዲዮ ግን አያውቀውም። ፋት ሠላሳ ሁለት ሽማግሌ ነው። አንድ ፋይል ብቻውን አራት ጊጋ ከሞላ አልሸከምም ይላል። ግን ሬዲዮ በይው፣ የመኪና ቴፕ በይው፣ ቴሌቪዥን በይው፣ ከሁሉም ጋር ይነጋገራል።»

«ታዲያ አስተማማኙ የትኛው ነው?»

ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አንሥቶ ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው ስለ ፍላሽ ብቻ አልመሰለውም መሰለኝ።

«አስተማማኝ ማለት፣» አለ፣ «የሄደበት ቦታ የሚነበብ ነው።»

ፋት ሠላሳ ሁለት አደረገልኝ። አባቴ በዚያ ሳምንት በገናውን እየሰማ ዋለ። እኔ ደግሞ ያቺን አነጋገሩን በልቤ እያመላለስኩ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ያ ፍላሽ ስንቴ «ተበላሸ»! ምንም ሳይሆን ይዤው እሄዳለሁ። ቃለ አብም ምንም እንዳልሆነ እያየ ያልተበላሸውን ይጠግንልኛል። አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ እስከ ቤቴ ሸኘኝ፤ ብርዱ ፊት ይገርፋል። ስለ አባቴ ጠየቀኝ።

«ልጅ ሳለሁ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ያስቀምጠኝ ነበር» አልኩት። «የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ክላክሱን ረጅም አድርጎ ይነፋና መስኮቱን ከፍቶ ስሜን ይጠራል። ዋሻው መልሶ ይጠራኛል። ‹አየሽ፣ ተራራው ያውቅሻል› ይለኛል።»

«አርሴማ» አለ ቃለ አብ ቀስ ብሎ። እኔ ግን ያወራሁትን ረሳሁት።

ሽማግሌ ልላክ ያለኝ በዓመቱ ነው። ለአባቴ ልነግረው አንኮበር ሄጄ ያ «ይጭናል» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣውም ያኔ ነው።

እናቴ የሞተችው ገና በሕፃንነቴ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ እህቱ በሰለች። እሱን አስቀይሜ የምገባበት ቤት እንደማይሞቀኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልተሟገትኩም፤ ዓይኔን ጠርጌ ከጓዳ ወጣሁና እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ዓይኑ ባያይም ማልቀሴን ያውቃል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ጫኝ ከሆነ ለእኔም ይጫንልኝ። ምን እንደሚጭን እንዳትነግሪው። ሰው በጭነቱ ይታወቃል። ከወደድኩት ሽማግሌ ይላክ። ካልሆነ ግን ነገሩ እዚህ ላይ ያብቃ።»

ለቃለ አብ ይህንኑ ነገርኩት። በማግሥቱ ብሄድ ሱቁ ዝግ ነው። ከቀናት በኋላ ሲከፍት ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ድምፁ በጉንፋን ተዘግቶ አገኘሁት። አዲስ ፍላሽ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ከመውሰድሽ በፊት በኮምፒውተር ክፈቺው» አለኝ። «እባክሽ።»

«እሺ» አልኩት። ግን የአንኮበር ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ። የጓደኛዬን ኮምፒውተር ማን አስታውሶት!

አባቴ ሬዲዮዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። አክስቴ በሰለችም ሥራዋን ትታ መጥታ ተቀመጠች። ፍላሹን ሰካሁት። የሬዲዮዋ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ከዚያ ምንም።

«አጫውቺዋ» አለ አባቴ።

«እያጫወትኩት ነው።»

ነቀልኩት፤ እፍ ብዬ መልሼ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት እንደገና ብልጭ ድርግም አለች። አባቴ ጆሮውን ወደ ሬዲዮዋ አዘንብሎ ብዙ ጠበቀ።

«ባዶ ነው?» አለ።

ፍላሹን ነቅዬ በመዳፌ ጨበጥኩት።

«እኔ ጣርማ በርን ባዶ መኪና ይዤ ተሻግሬ አላውቅም» አለ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጭነት ካጣሁ አድራለሁ እንጂ ባዶ አልሄድም። ይሄ ልጅ ገና በመጀመሪያ ጉዞው ባዶ ላከብኝ። ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ።»

በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ስደርስ በቀጥታ ሱቁ ገባሁ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«በአባቴ አሾፍክበት!» አልኩት። «ጆሮውን አዘንብሎ ስንት ጠበቀ መሰለህ። ባዶ!»

ቃለ አብ ደነገጠ። ፍላሹን አንሥቶ ሰካው። ኮምፒውተሩ ላይ መስኮቱ ተከፈተ። ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ «ተነቃይ ዲስክ» የሚል ነገር የሚጻፍበት ቦታ ላይ በገዛ ፊደላችን አንድ ቃል ተጽፏል።

አርሴማ።

«ባዶ አይደለም» አለ። «ኤክስፋት ነው።»

«የአባቴ ሬዲዮ ኤክስፋት አታነብም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ነኝ። ፋት ሠላሳ ሁለት ለፍላሹ ስም ስሰጠው በእኛ ፊደል አልቀበልም አለኝ። በላቲን ጻፍ አለኝ። ስምሽ በላቲን አንቺን አልመስል አለኝ። ኤክስፋት ግን ተቀበለ። መጀመሪያ በኮምፒውተር ስትከፍቺው ስምሽን እንድታይው ብዬ… ካየሽው በኋላ ተመልሰሽ ትመጫለሽ፣ ያኔ ለሬዲዮዋ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው። የከተማውን ፍላሽ ሁሉ እያቃና የሚውል ሰው፣ የራሱን ዕጣ የሚወስንለትን አንዱን ፍላሽ ለስሜ ሲል አበላሸው። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣዬን ግን አጣሁት። እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

«አሁን ፋት ሠላሳ ሁለት ካደረግሁት ስምሽ ይጠፋል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ይጥፋ» አልኩት። «እኔ አለሁ አይደል?»

ቀና ብሎ አየኝ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ ይጣራሉ፤ እኛ ጋ ግን ኮምፒውተሩ ብቻ ይሰማል።

ፍላሹ ላይ ያለውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገልብጦ አስቀመጠ። ከዚያ ፎርማት አደረገው። ስሜ ከመስኮቱ ላይ ሲጠፋ እያየሁ ምንም አልመሰለኝም ብል ውሸት ነው። መልሶ ጫነበት።

«ምንድን ነው ያለበት?» አልኩት።

«ከአባትሽ ጋር ስሚው» አለኝ። ቆየት ብሎ ጆሮው ቀላ። «መጨረሻዋን ግን ልቁረጣት?»

«ምንም እንዳትቆርጥ! ጎዶሎ ጭነት ደግሞ ሊለን ነው።»

አባቴ በዚህኛው ጊዜ ሬዲዮዋን እንኳ ሊሰጠኝ አልፈለገም። «አልኩ እኮ» አለ።

«አባዬ» አልኩት፣ «መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስብህ ጭነቱን ገደል ትጥለው ነበር?»

አክስቴ በሰለች ሳቋን ዋጠች። አባቴ ጢሙን ዳበሰ። «ጎማ ነው የተነፈሰው?»

«ጎማ ነው።»

«አጫውቺዋ እስቲ።»

ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው። ከነፋሱ ሥር አቀበት የያዘ ሞተር ያጓራል። አባቴ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

«ኤንትሬ» አለ በሹክሹክታ።

ግራ እግሩ መሬቱን ተጫነ፤ ፍሪሲዮን እየረገጠ ነው። ቀኝ እጁ አየር ላይ ማርሽ ፈለገ። «አሁን ሁለተኛ ያስገባል… አሁን… ዘገየ! ዘገየ እኮ! ማን ነው ይሄ ሹፌር?» ሞተሩ ተንተፋትፎ ማርሽ ለወጠ። መሐል ላይ አንድ ሰው ሳለ፤ ጥርስ ሲንቀጫቀጭም ይሰማል።

«ልጁ የት ሆኖ ነው የቀዳው?» አለኝ አባቴ።

«እኔ እንጃ። ጋቢና ውስጥ ይሆናላ።»

«የምን ጋቢና! ነፋሱን አትሰሚም? ከላይ ነው፤ ጭነቱ ላይ ተኝቶ። በጣርማ በር ብርድ!» ራሱን ነቀነቀ። «አበደ እንዴ ይሄ ልጅ?»

ነፋሱ ድንገት ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ወፈረና ከበበን፤ ዋሻው ውስጥ ገብተናል። ክላክሱ ተነፋ፤ ረጅም፣ ልክ እሱ ይነፋው እንደነበረው። የማያዩት የአባቴ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። አክስቴም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ክላክሱ ሲያልቅ፣ አበቃ ስል፣ በጉንፋን ያልተዘጋ የቃለ አብ ድምፅ ከሬዲዮዋ ውስጥ ጮኸ።

«አርሴማ!»

ዋሻውም መለሰ፤ «…ሴማ… …ማ…»

የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ ፊት፣ አክስቴ ፊት! ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከፍላሹ ላይ ያጠፋነው ስሜ እንዲህ ዞሮ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ? መጨረሻዋን ልቁረጣት ያለኝ ለካ ይቺን ነው።

የአባቴ ጣቶች ሬዲዮዋ ላይ እየዳበሱ የመመለሻውን ቁልፍ ፈለጉ። ከነፋሱ ጀምሮ እስከ ስሜ ድረስ እንደገና ሰማው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ሙሉ ጭነት ነው» አለ። «ሽማግሌዎቹን ይላክ። ጋቢና ውስጥ ሆነው ይምጡ በይው፤ ይበርዳቸዋል።»

ከተጋባን በኋላ አባቴ ያቺን ፍላሽ ከሬዲዮዋ ላይ ነቅሏት አያውቅም። ዳዊቱንና በገናውን የምሰማበት ሌላ ሬዲዮ ግዙልኝ አለን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ስሙልኝማ፣ አማቼ የጫነልኝን» ይላል። ሹፌሩ ማርሽ የዘገየባት ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥርም እንደ አዲስ ይቆጣል።

አሁን ሱቃችን ስልክ ይሸጣል፣ ስልክ ይጠግናል። መዝሙር የሚያስጭን ሰው የለም፤ ሁሉም ከስልኩ ያገኘዋል። ያ ወረቀት ግን እስከ አሁን በሩ ላይ አለ፤ ፀሐይ አጥቦት «ይጫናል» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች።

በቀደም ለት የድሮዋ ፍላሽ አንዴ ስትከፈት አንዴ እምቢ ስትል ቃለ አብ ሳትሞት ልገልብጣት ብሎ አዲስ አመጣ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ከሦስቱ ጠባይ የትኛውን ትመርጣለህ ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ሲስቅ ዓይኑ ዛሬም ይጠፋል።

«ኤክስፋት ላድርገው?» አለኝ። «ስምሽን በፊደል ይይዛል። አሁን የማያነበው ነገር የለም።»

«ፋት ሠላሳ ሁለት አድርገው» አልኩት። «የአባዬ ሬዲዮ ሌላ አታነብም።»

ሬዲዮዋ ከተበላሸች ቆይታለች። አባዬንም ከዚያ ቀደም ብለን አንኮበር ቀብረነዋል። ቃለ አብ ይህን ከእኔ እኩል ያውቃል።

«እውነትሽን ነው» አለኝና ፋት ሠላሳ ሁለትን መርጦ ተጫነ።