ቢጫው መስመር

ቺዙሩ ሶሄይን ያወቀችው በእናቷ ሱቅ በር ላይ ሞተር ብስክሌቱ ጠፍቶበት ሲገፋ ነው። እናቷ ፉሚኤ ኦዳዋራ ከተማ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ሶሄይ ላቡን እየጠረገ፣ «ይቅርታ፣ ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሮት ነው» አላት፤ ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጠውን ሱዙኪ እያሳያት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት መገኛዋ የእሱ ጋራዥ ሆነ።

ሶሄይ አሮጌውን ሞተር እንደ ሙሽራ ነበር የሚያስጌጠው። የጭስ ማውጫ ማርሚታውን ለወጠ፤ ሰንሰለቱን ለወጠ፤ በመጨረሻም የፊት ፍሬኑን አውልቆ ሌላ ድርጅት የሠራውን ጠንካራ ፍሬን ሊገጥምለት ተነሳ። ቡሎን ሲያስር በመለኪያ ቁልፍ ያጠብቀዋል፤ ልክ ሲደርስ ቁልፉ «ጠቅ» ይላል። ያኔ ቺዙሩ በቢጫ ቀለም ከቡሎኑ እስከ ብረቱ ቀጭን መስመር ታሰምራለች። ቡሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ስለዚህ ሶሄይ ጠዋት ሲነሳ ቁልፍ አያነሳም፤ የእሷን መስመሮች ብቻ አይቶ ይሄዳል። ለሁለቱ ይህ ከመሳሳም አያንስም ነበር።

ፍሬኑን በሚገጥምበት ቅዳሜ ግን ተጣሉ።

«እማዬ ‹ሞተረኛ አግብተሽ ጥቁር እንድትለብሺ አልፈልግም› ትላለች» አለችው።

«አንቺስ?»

«እኔማ በወጣህ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል።»

ሶሄይ ሳቀ። «አይ ቺዙ! የደረቀ ዓሣ እንኳ እንዳንቺ አይፈራም!»

ደጅ ሰው ጠራውና ወጣ። ቺዙሩ እልህ ይዟት ቀለሙን አነሳች፤ ፍሬኑን የሚይዙትን ሁለቱንም ቡሎኖች አሰመረችና ሳትሰናበተው ሄደች።

እሑድ ጠዋት ዓሣ መረብ ላይ ስትዘረጋ፣ አውራ ጣቷ ላይ የቀረውን ቢጫ ቀለም አየች። እጇ ቆመ። «ጠቅ» ሲል የሰማችው አንዴ ነው። ያሰመረችው ሁለት ነው።

የታችኛውን ገና አላጠበቀውም ነበር። ተመልሶ ሁለት መስመር ሲያይ የጨረሰ መስሎት ይሆናል። ዛሬም ጠዋት መስመሮቹን አይቶ፣ አምኗት ወጥቷል።

ደወለች። አያነሳም። ደግማ ደወለች። እሑድ እሑድ ሃኮኔ ተራራ ላይ ነው፤ እየነዳ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

«እማዬ፣ መኪናውን! ሶሄይን ገድዬዋለሁ!»

ፉሚኤ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መሪውን ያዘች። ትንሿ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ አቃሰተች። ቺዙሩ በየኩርባው የመንገዱን የብረት አጥር ታያለች፤ የተቀደደ ቦታ ትፈልጋለች፤ እንዳታገኘውም ትለምናለች።

አንድ አምቡላንስ እየጮኸ አልፏቸው ወጣ። እናትና ልጅ አልተያዩም። ከሁለት ኩርባ በኋላ አምቡላንሱ ወደ አንድ የፍል ውኃ ማረፊያ ቤት ታጠፈ።

«እማዬ፣ ፍጠኚ በናትሽ!»

«ከዚህ በላይ ከፈጠንኩ መቃብር የምንቀድመው እኛ ነን!»

ጫፍ ላይ ደረሱ። ሶሄይ ሄልሜቱን አጥልቆ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ዳገቱን ሲወጣ ፍሬን እምብዛም አልነካም። ቁልቁለቱ ገና ከፊቱ ነው።

ቺዙሩ መኪናው ሳይቆም ዘለለች። «አትሂድ! አጥፋው!»

«ቺዙ? ምን ሆነሽ?»

«የታችኛው ቡሎን… ሳታጠብቀው ነው ያሰመርኩት።»

ሶሄይ ወርዶ ተንበረከከ። ቡሎኑን በሁለት ጣቱ ያዘው። ቡሎኑ ያለ ቁልፍ ዞረ፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን፣ በቀላሉ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልቁለቱን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

ከወንበሩ ሥር ቁልፍ አወጣ፤ ቡሎኑ ላይ ገጠመው። ቺዙሩ እጇን በእጁ ላይ ደረበች። አብረው አጠበቁት።

«ፈራሁ» አላት በሹክሹክታ።

«እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።»

ነፋሱ ሣሩን አስተኛው።

«ልሽጠው?» አላት ሞተሩን እያየ።

«አትሽጠው። ብቻ ስፈራ አትሳቅብኝ።»

«ተያይታችሁ ከጨረሳችሁ» ብላ ፉሚኤ ከመኪናው ጮኸች፣ «ዓሣዬን ድመት እየጨረሰው ነው!»

ሶሄይ ወደ መስኮቷ ሄዶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «እትዬ ፉሚኤ፣ ልጅዎን ይስጡኝ።»

«አንተ መጀመሪያ በሕይወት ውረድ። ከኋላዬ! ቀስ ብለህ!»

ወረዱ። ቺዙሩ ዓይኗን ከኋላ ማሳያው ስፖኪዮ አልነቀለችም። በየኩርባው የሞተሩ መብራት ከዓይን ይጠፋል፤ ትንፋሿን ትይዛለች፤ መብራቱ ይመለሳል። አንድ ረጅም ኩርባ ላይ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ቺዙሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን ወደ ኋላ አወጣች።

ፉሚኤ ማንም ሳይነግራት እግሯን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አነሳች። መኪናውን ዳር አስይዛ ልትቆም ምንም አልቀራት።

«ይድረስብን» አለች፣ መሪውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ።

መብራቱ ከኩርባው ብቅ ሲል፣ ትንፋሿን ቀድማ የለቀቀችው እናትየዋ ነበረች።